መውሰድ ረሳሁ፣ መውሰዴን ረሳሁ

ባለፈው ክረምት፣ ጉም ከጦሳ ወርዶ የደሴን መንገዶች በሸፈነበት አንድ ምሽት፣ እናቴ በረካውን ጠጥታ ስኒዋን ረከቦቱ ላይ ካስቀመጠች በኋላ የደም ግፊት ኪኒኗን እንድናቀብላት እጇን ዘረጋች። ወዲያው ግን እጇን ሰብሰብ አድርጋ «ወይ ጉድ! መውሰዴን ረስቼው!» አለች። እኔ የተማሪዎቼን ደብተር እያረምኩ ስለነበር በግማሽ ጆሮ ነበር የሰማኋት፤ መውሰድ የረሳች መስሎኝ ተነሥቼ ኪኒኑንና አንድ ብርጭቆ ውኃ አመጣሁላት። ውኃውን ከእጄ የተቀበለችኝ እናቴ ሳትሆን እህቴ ነበረች። «መውሰዴን ነው እኮ ያለችው፤ ወስዳለች» አለችኝ። ሁለታችንም መብራቱ ሥር ቀርበን ከማሸጊያው ላይ የቀሩትን ፍሬዎች አንድ በአንድ ቆጠርን። የዚያን ቀኑ ፍሬ በቦታው አልነበረም። እናቴ ኪኒኗን ከመግሪብ በፊት ወስዳ ነበር።

ወደ ደብተሮቹ ስመለስ አልጋው ላይ ገልጬ የተውኩት ገጽ ላይ የአንድ የአስራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ዓረፍተ ነገር ጠበቀኝ፤ «አይ ፎርጎት ክሎዚንግ ዘ ዶር» ይላል። ተማሪው ሊለኝ የፈለገው ወጥቶ ሲሄድ በሩን ክፍት ትቶ እንደነበረ ነው። የጻፈው ግን በሩን ዘግቶ እንደነበረና መዝጋቱን እንደረሳ የሚናገር ነው። ሌላ ቀን ቢሆን በቀይ ብዕር ሰርዤ «ቱ ክሎዝ» ብዬ ከላይ ጽፌ አልፈው ነበር፤ ዓመታት ሙሉ ያደረግሁትም ይህንኑ ነው። የዚያን ምሽት ግን ብዕሬን አስቀምጬ ብዙ ጊዜ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ፤ ምክንያቱም እናቴ ትምህርት ቤት ደጃፍ ሳትረግጥ ለይታ የተናገረችውን ነገር፣ እኔ ለተማሪዎቼ እንግሊዝኛ ብቻ ያለው እንግዳ ደንብ አስመስዬ ሳስተምር እንደኖርኩ ገብቶኝ ነበር።

እኔም የተማርኩት እንደዚያው ነው። መምህራችን ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር ለሁለት ከፍለው፣ በግራ በኩል ዋንት፣ ሆፕ፣ ዲሳይድ፣ ፕሮሚስ፣ ሪፊውዝ፣ አግሪ የሚሉትን፣ በቀኝ በኩል ደግሞ ኢንጆይ፣ አቮይድ፣ ፊኒሽ፣ ማይንድ፣ ዲናይ፣ ሰጀስት የሚሉትን ደረደሩልን። የግራዎቹ ኢንፊኒቲቭ፣ ማለትም «ቱ» ያለበትን ግሥ ያስከትላሉ፤ የቀኞቹ ጀረንድ፣ ማለትም በ«ኢንግ» የሚያልቀውን ያስከትላሉ። የቄስ ተማሪ ዳዊት እንደሚደግም፣ ደረሳም ቁርኣን እንደሚሐፍዝ፣ እኛም ዝርዝሩን በቃላችን ያዝነው። ዳዊቱም ሆነ ቁርኣኑ ግን በቃል ከተያዘ በኋላ ትርጓሜ አለው፣ ተፍሲር አለው። የእኛ ዝርዝር ትርጓሜ አልነበረውም። ፈተናው ምርጫ ስለሆነ ነጥቡ ይገኝ ነበር፤ ለዚህም መምህሬን አመሰግናቸዋለሁ። ነገር ግን ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱን ሁሉ በእንግሊዝኛ ለሚከታተል ልጅ፣ ምርጫው የማይሰጠው ቀን፣ የራሱን ሐሳብ በራሱ ዓረፍተ ነገር የሚጽፍበት ቀን ይመጣል።

ለእኔ ያ ቀን የመጣው ከኮሌጅ እንደወጣሁ፣ ማስተማር ከመጀመሬ በፊት ነው። ለአንድ የእርዳታ ድርጅት መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ ለጋምቦ ወረዳ ተላክሁ። የወሎ ደጋ የበልግ አገር መሆኑን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከየካቲት ጀምሮ የሚጠበቀው የበልግ ዝናብ ሲቀር የደጋው ገብስ ይቀራል፣ ገብሱ ከቀረ የብዙ ቤት ጓዳ ባዶ ይሆናል። በዚያ ዓመት ዝናቡ ጥቂት ቀናት ዘንቦ ጠፋ። ያነጋገርኳቸው አባት በእርሻቸው ዳር ቆመው «ግማሹን ዘርተን ነበር፤ መሬቱ ሲደርቅ ጊዜ መዝራት አቆምን» አሉኝ። እኔም ማታ ሪፖርቱን ስጽፍ «ዘ ፋርመርስ ስቶፕድ ቱ ሶው» ብዬ አሰፈርኩት። ትርጉሙ ገበሬዎቹ ይሠሩት የነበረውን ሌላ ሥራ ለመዝራት ሲሉ አቆሙ ማለት ነው። እኔ ጦም አደረ ያልኩት መሬት አንባቢው ዘንድ የተዘራ መሬት ሆነ፤ በሰንጠረዡም ላይ እንደዚያው ገባ። የተሳሳተው ነገር የታወቀው፣ ሌላው የሪፖርቱ ክፍል ከዚህ ጋር አልገጥም ያላት የሥራ ኃላፊዬ ከብዙ ቀናት በኋላ ደውላ «ዘርተዋል ወይስ አልዘሩም?» ብላ ስትጠይቀኝ ነው። ያ ጥያቄ እስከዛሬ በጆሮዬ አለ። ስልኩን እንደያዝኩ ፊቴ የመጡት እኒያ አባት ነበሩ፤ እርሳቸው የነገሩኝ ግልጽ ነበር፣ ቃላቸውን ያጣመምኩት እኔ ነኝ።

አሁን ሳስበው የሚቆጨኝ፣ መልሱ በአፌ ውስጥ እንደነበረ ነው። በአማርኛ «መዝራት አቆሙ» እና «ለመዝራት ቆሙ» ብንል፣ ማንም የወሎ ልጅ አንዱን ከሌላው አያምታታም። የመጀመሪያው ሥራው ቀረ ማለት ነው፣ ሁለተኛው ሥራው ሊጀመር ነው ማለት ነው። ልዩነቱን የተሸከመችው «ለ» ናት። የእንግሊዝኛው «ቱ» ደግሞ በመሠረቱ ይህችው «ለ» ነች። ከሺህ ዓመት በፊት ይነገር በነበረው ጥንታዊ እንግሊዝኛ «ቱ» አቅጣጫን የሚያመለክት መስተዋድድ ነበረች፤ ከግሡ ስም ፊት እየገባች ድርጊቱ የሚያመራበትን ግብ ታሳይ ነበር። ቆይቶ ከግሡ ጋር እየተጣበቀች መደበኛ ምልክቱ ሆነች፤ የጥንት ፊቷ ግን አልጠፋም፣ አሁንም ወደፊት ታያለች። «ኢንግ» በበኩሏ የመጣችው በጥንቱ ቋንቋ ከግሥ ስም ታወጣ ከነበረች «ኡንግ» ከምትባል ቅጥያ ነው፤ የዛሬው «ለርኒንግ» ያን ጊዜ «ሌኦርኑንግ» ይባል ነበር፣ ትርጉሙም መማር፣ ትምህርት ነው። ስለዚህ አንደኛዋ ድርጊቱን ከፊታችን ያለ ግብ ታደርገዋለች፣ ሌላዋ ድርጊቱን በእጅ እንደሚያዝ ነገር፣ እንደ ስም ታቀርበዋለች። አሜሪካዊው የቋንቋ ሊቅ ድዋይት ቦሊንገር በ1968 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ሐሳብም በዚሁ መንገድ የሚሄድ ነው፤ ጀረንድ እውን ወደ ሆነው፣ ኢንፊኒቲቭ ገና በሐሳብ ወዳለው ያደላል ይላሉ። «ያደላል» የምትለዋን ቃል አንባቢ ይያዝልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

እዚህ ላይ ስለ ስሞቹ አንድ ነገር ካልተናገርኩ ተማሪን የሚያሳስተውን ትልቁን እንቅፋት አልፌው እሄዳለሁ። የአማርኛችን ሰዋስው ስሞቹን ያገኘው ከግዕዙ ትምህርት ነው። ዋድላ ወርደው ቅኔ የቆጠሩ አጎቴ ግሥ ሲያወርዱ፣ «መብላት»ን የመሰለውን ንዑስ አንቀጽ፣ «በልቶ»ን የመሰለውን ቦዝ አንቀጽ ይሉት ነበር። ቦዝ የተባለው፣ እርሳቸው እንዳስረዱኝ፣ ብቻውን ዓረፍተ ነገር ማሰር ስለማይችል ነው፤ ቦዝኖ ማሰሪያ አንቀጹን ይጠብቃል። በኋላ ቮልፍ ሌስላውን የመሰሉ ስለ አማርኛ በእንግሊዝኛ የጻፉ ሊቃውንት ይህንኑ «በልቶ» የሚለውን ቅርጽ ጀረንድ ብለው ጠሩት። ቃሉን ከላቲን ሰዋስው ነው የተዋሱት፤ ለእነርሱ ሥራ ይበቃ ይሆናል። ነገር ግን ኮሌጅ ገብቶ ሁለቱን ትምህርት በአንድ ሴሚስተር የሚወስድ የእኛ ልጅ፣ የአማርኛ ጀረንድ «በልቶ» ከሆነ የእንግሊዝኛውም ጀረንድ «በልቶ» መሆን አለበት ብሎ ያስባል፤ ማሰቡም አይፈረድበትም። የእንግሊዝኛው ጀረንድ ግን «መብላት» ነው። ኢንፊኒቲቩም «መብላት» ነው። እንግሊዝኛ ለሁለት የከፈለውን እኛ በአንድ ንዑስ አንቀጽ ብንገልጸውም፣ ልዩነቱን የምናሳየው ከፊቱና ከኋላው በምንጨምርበት ነው። ከፊት «ለ»፣ «በ»፣ «ከ» ይገባሉ፤ ከኋላ ባለቤቱን የሚነግረው ቅጥያና «ን» ይገባሉ።

እናቴ የተጠቀመችው ይህንን ነው። «መውሰድ ረሳሁ» ስትል ድርጊቱ አልተፈጸመም። «መውሰዴን ረሳሁ» ስትል ተፈጽሟል፣ የእርሷም ሆኗል፣ የጠፋው ትዝታው ብቻ ነው። ይህን ይዤ የቀኙን ዝርዝር እንደገና ስመለከተው፣ ትርጓሜ የለውም ያልኩት ዝርዝር መናገር ጀመረ። ዲናይ፤ «መስረቁን ካደ»። አድሚት፤ «መስረቁን አመነ»። ፊኒሽ፤ «ማረሙን ጨረሰ»። ሪሜምበር፤ «በሩን መዝጋቴን አስታውሳለሁ»። ሁሉም ላይ ያቺው ባለቤት ጠቋሚና ያቺው «ን» አለች። የግራው ዝርዝር ደግሞ «ለ»ን ይወዳል፤ «ለመሄድ ወሰነ»፣ «ለመርዳት ቃል ገባ»፣ «ለመሸጥ ተስማማ»፣ «ለመማር አቀደ»። «መሄዱን ወሰነ» ብንል ግን ውሳኔው ስለ ሌላ ነገር የሆነ ይመስላል፣ ጆሮም አይቀበለውም። ኢንጆይና አቮይድ «በ»ንና «ከ»ን ይዘው ይመጣሉ፤ «በማንበብ ይደሰታል»፣ «ከመናገር ይቆጠባል»። እንግሊዝኛም ከመስተዋድድ በኋላ ግሥ ሲያስገባ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ጀረንድን ስለሚመርጥ፣ ይህ ለተማሪ ጥሩ ማስታወሻ ይሆናል።

ስለ ፎርጌት ግን መጠንቀቅ ይገባል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ፎርጌትን ከጀረንድ ጋር የሚያስከትሉት በአብዛኛው «መቼም አልረሳውም» ለማለት ነው፤ «አይ ዊል ኔቨር ፎርጌት ሲይንግ ላሊበላ» ይላሉ። የእናቴን ዓይነት መርሳት ለመናገር ሲፈልጉ «ዛት» ብለው ሙሉ ዓረፍተ ነገር ማስከተል ይቀናቸዋል። ስለዚህ የተማሪዬ ዓረፍተ ነገር ትርጉሙን ከመሳቱ በተጨማሪ በአነጋገር ልማድም ብዙ የማይሰማ ነበር።

መስከረም ላይ ትምህርት ሲጀመር ይህንን ሁሉ ወደ ክፍል ይዤ ለመግባት ወሰንኩ። ሰሌዳውን ለሁለት ሳልከፍል፣ ዝርዝርም ሳልጽፍ፣ «መዝጋት ረሳሁ» እና «መዝጋቴን ረሳሁ» የሚሉትን ብቻ ጽፌ ልዩነቱን ጠየቅኋቸው። አንዲት ልጅ ጥያቄውን ሳልጨርስ «በመጀመሪያው በሩ ክፍት ነው፣ በሁለተኛው ዝግ ነው» አለች። በዚህ መሐል በሩ ተንኳኳ። የክፍላችን በር የክረምቱ እርጥበት አሳብጦት ነበርና ያረፈደ ተማሪ ውጭ ሆኖ ይታገለዋል። እጀታውን ያዞራል፣ ይጎትታል፣ አልከፈት አለው። ከውስጥ ሦስት አራት ልጆች በአንድ ድምፅ «ገፍተህ ሞክረው!» ብለው ጮኹ። በትከሻው ገፋው፣ ተከፈተ፣ ገባ።

ልጁን ሳላስቀምጠው ክፍሉን ጠየቅሁ። «ምን አላችሁት?» «ገፍተህ ሞክረው አልነው፣ ቲቸር።» «ለመግፋት ሞክር ብትሉትስ ኖሮ?» ጥቂት ዝም አሉ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ «እንደሱማ ካልን መግፋቱ ራሱ ያቅተዋል ማለት ነው፤ በሩ ድንጋይ ነው እንዴ!» አለ። የምፈልገው ይህንኑ ነበር። «ትራይ ፑሺንግ ኢት» ማለት መግፋት አይከብድህም፣ ገፍተህ ውጤቱን እይ ማለት ነው። «ትራይ ቱ ፑሽ ኢት» ማለት መግፋቱ ራሱ ትግል ነው፣ ተጣጣር ማለት ነው። እዚህ ላይ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ፤ ቅድም የእንግሊዝኛው ጀረንድ «በልቶ» አይደለም ብዬ ስከራከር ቆይቼ፣ ትራይ ላይ ስንደርስ ጀረንዱን በትክክል የሚተካው የራሳችን ቦዝ አንቀጽ ሆኖ ተገኘ። ፊኒሽም «በልቶ ጨረሰ» ብንለው ያስኬዳል። ስያሜው የጋራ ሆኖ ሳይሆን፣ ቦዙም የተፈጸመን ድርጊት ስለሚይዝ ይመስለኛል። ለተማሪዎቼ ይህንን በግልጽ ነገርኳቸው፤ መምህር የተናገረውን ማረም ሲኖርበት ማረሙን ተማሪ ፊት ማድረግ አለበት ብዬ አምናለሁ።

ሪግሬትን ለማስረዳት ብዙ አልደከምኩም፤ «በመናገሬ እጸጸታለሁ» የሚለው ጀረንድ፣ ደብዳቤ ላይ «ስናሳውቅዎ እናዝናለን» የሚለው ደግሞ ኢንፊኒቲቭ እንደሆነ ወዲያው ያዙት። ቢጊንና ስታርት ሁለቱንም ይቀበላሉ፣ ትርጉማቸውም እምብዛም አይለወጥም፤ በእነርሱ ተማሪን ማስጨነቅ ጊዜ ማባከን ነው።

አሁን ወደ «ያደላል» ልመለስ። በ«ለ»ና በ«ን» የምለይበት መለኪያዬ የማይሠራባቸው ቦታዎች አሉ፣ ጥቂትም አይደሉም። ሰጀስትን ብንወስድ፣ በአማርኛ «እንድንሄድ ሐሳብ አቀረበ» እንላለን፤ ድርጊቱ ገና ነው፣ ማንም አልሄደም፣ እንግሊዝኛው ግን «ሰጀስትድ ጎይንግ» ነው። ኮንሲደርም እንዲሁ ነው፤ «ለመሄድ እያሰበ ነው» ብለን «ለ»ን ስንጠቀም እንግሊዝኛው «ኮንሲደሪንግ ጎይንግ» ይላል። ማኔጅ በተቃራኒው፣ ድርጊቱ ተፈጽሞ እያለ፣ «መድረስ ቻለ» ለማለት «ማኔጅድ ቱ ሪች» ብሎ «ቱ»ን ይወስዳል። ለሰጀስትና ለኮንሲደር የምሰጠው ማብራሪያ አለኝ፤ ሰውየው ሐሳቡን እንደ ዕቃ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ያገላብጠዋል፣ ስለዚህ ስም ያደርገዋል እላለሁ። ማብራሪያው ለእኔ ይጥመኛል፤ ተማሪን ግን ከስህተት ያድናል ብዬ አልምልም። እነዚህን ጥቂቶች በቃል መያዝ ግድ ነው። ልዩነቱ፣ ድሮ ዝርዝሩን ሁሉ ያለ ትርጓሜ የያዘ ልጅ አሁን የሚይዘው ያፈነገጡትን ብቻ መሆኑ ነው።

ከሁሉም የሚከፋው «ሉክ ፎርዋርድ ቱ» ነው። በደብዳቤ መጨረሻ ሁላችንም የምንጽፈው፣ ብዙዎቻችንም የምንሳሳተው እርሱን ነው። አማርኛው «ለማየት እጓጓለሁ» ነው፣ «ለ» አለች። እንግሊዝኛው ውስጥ «ቱ» በዓይን ትታያለች። ይህ ሁሉ ሆኖ ትክክሉ «ቱ ሲይንግ ዩ» ነው፣ ምክንያቱም እዚህ ያለችው «ቱ» የጥንቱን መስተዋድድነቷን ይዛ የቀረችው ናት፤ ከግሡ ጋር አልተጣበቀችም። ለተማሪዎቼ የሰጠኋቸው መፈተኛ፣ ከ«ቱ» በኋላ ተራ ስም አስገብተው እንዲያዩ ነው። «ሉክ ፎርዋርድ ቱ ዩር ሌተር» ይባላል፤ ስለዚህ ቦታው የስም ቦታ ነው፣ ግሥም ከገባ «ኢንግ» ለብሶ ይግባ። «ዋንት ቱ ዩር ሌተር» ግን አይባልም። በዚሁ መፈተኛ የደሴን ብርድ የለመደ ሰው «አይ አም ዩዝድ ቱ ሊቪንግ ኢን ደሴ» እንደሚል፣ ድሮ ኖሮባት የወጣ ሰው ደግሞ «አይ ዩዝድ ቱ ሊቭ» እንደሚል ለዩ።

በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ስለ አንድ የማይረሱት ቀን እንዲጽፉ አዘዝኳቸው። ቤተሰቧ ከሐይቅ አካባቢ የሆነች አንዲት ተማሪ፣ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲቃረብ ቤታቸውን ለቀው የወጡበትን ሌሊት ጻፈች። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገሯ «አይ ሪሜምበር ሊቪንግ አወር ሀውስ» የሚል ነበር፤ ትክክል ነው፣ «መልቀቃችንን አስታውሳለሁ»። ቀጥላ ስለ አባቷ ስትጽፍ ግን «ማይ ፋዘር ፎርጎት» ብላ ባዶ ቦታ ትታለች። ደወል ከተደወለ በኋላ ደብተሯን ይዛ መጣች።

«ቲቸር፣ የቱን ልጻፍ? አባቴ መንገድ ላይ ሁሉ በሩን ቆልፌ ይሆን እያለ ይጨነቅ ነበር። መቆለፍ ረስቶ እንደሆነ አናውቅም፤ መቆለፉን ረስቶ እንደሆነም አናውቅም።»

ስትመለሱ አላያችሁም ወይ አልኳት። በሩ ራሱ ተሰብሮ ወድቆ፣ ቁልፉም አብሮ ጠፍቶ እንደጠበቃቸው ነገረችኝ። ሁለቱ ቅርጾች ድርጊቱ መፈጸሙን ወይም አለመፈጸሙን ለሚያውቅ ሰው የተሠሩ ናቸው፤ የእርሷ አባት አያውቁም። አጠገቧ ተቀምጬ ፎርጎት የሚለውን አብረን ሰረዝነውና በምትኩ «ካንት ሪሜምበር ዌዘር ሂ ሎክድ ዘ ዶር» ብላ ጻፈች፤ መቆለፉንና አለመቆለፉን ማስታወስ አልቻለም።